የተደበቀውን ባክቴሪያ በብርሃን ያሳዩት ሐኪም

ከገበያ ገዝታችሁ የምታመጡት ሳልሞን ወይም አምኑን (የጣናው ቆሮሶ ዘመድ ነው) አብዛኛውን ጊዜ በኩሬ ወይም በመረብ አጥር ውስጥ የረባ ነው። ዓሣ በአንድ ቦታ ተጨናንቆ ሲኖር ደግሞ፣ በአንድ በረት እንደታጎረ ከብት፣ የአንዱ በሽታ ለሁሉም ይተርፋል። የታመመውን ዓሣ ቶሎ ለይቶ ማወቂያ ከሆኑት ምርመራዎች አንዱን ያስገኙት ግን የዓሣ ሐኪም አልነበሩም። ዛሬ ታሪካቸውን የምናጫውታችሁ አልበርት ኩንስ የሰው ሐኪም ነበሩ፤ ሲጀምሩም የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነበር።

ዶ/ር ኩንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ግለቨርስቪል በምትባል የእጅ ጓንት በመስፋት በታወቀች ከተማ ተወለዱ። በ1937 ከሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በ1939 በጋ፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው፣ በናዚዎች እጅ በነበረችው በርሊን ለዕረፍት ሰነበቱ። በጎዳና ሲዘዋወሩ ሐሳባቸውን የያዘው ግን አንድ የሕክምና ጥያቄ ነበር።

እንደምታውቁት የልጆች የጉሮሮ ሕመም፣ ቶንሲል የምንለው፣ በጊዜው ካልታከመ አንዳንድ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። (በቁፓት ሖሊም የልጃችሁን ጉሮሮ በጥጥ ጠርገው ለምርመራ የሚልኩት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ስጡት።) መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ እንደሆነ ይታመን ነበር። ታዲያ ባክቴሪያው ወይም ቅሪቱ በታመመው ልብ ውስጥ አለ ወይ? በማይክሮስኮፕ ቢፈለግ አይታይም።

የዶ/ር ኩንስ ሐሳብ የሚከተለው ነው። ባክቴሪያ ወደ ሰውነታችን ሲገባ ደማችን ያንኑ ባክቴሪያ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ የተባለ መከላከያ ያዘጋጃል። እንግዲያው በአንቲቦዲው ላይ ምልክት ቢታሰርበት፣ ሄዶ የተጣበቀበት ቦታ ጠላቱ የተሸሸገበት ቦታ ነው። ከእሳቸው በፊት አንቲቦዲን ከቀለም ጋር ያያያዙ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ ቀለሙ ግን በማይክሮስኮፕ ለማየት እጅግ የሳሳ ሆነ። ዶ/ር ኩንስ የመረጡት ለዓይን የማይታይ ጨረር ሲያርፍበት በጨለማ ውስጥ የሚያበራ ኬሚካል ነበር።

ሙያቸው ኬሚስትሪ ስላልነበረ የሐርቫርድ ኬሚስቶችን እርዳታ ጠየቁ። የመጀመሪያው ኬሚካል ሰማያዊ ብርሃን ሰጠ። የሰውነት ሥጋ ግን በራሱ በዚያ ጨረር ሰማያዊ ያበራልና፣ በነጭ መንጋ ውስጥ ነጭ በግ እንደመፈለግ ሆነ። አረንጓዴ የሚያበራ ሌላ ኬሚካል ፈለጉ፣ አገኙም። በ1942 ሳንባን በሚያሳምም ባክቴሪያ በተለከፉ አይጦች ሥጋ ውስጥ የባክቴሪያው ዱካ እያበራ ታየ። ሥራው ገና ፍሬ ሲያሳይ ወደ ጦር ሠራዊት ገብተው እስከ ጦርነቱ መጨረሻ በፓሲፊክ አካባቢ አገለገሉ።

ከተመለሱም በኋላ ዘዴው ቶሎ አልተስፋፋም። ኬሚካሉን ለመሥራት ፎስጂን የተባለው መርዘኛ የጦር ጋዝ ያስፈልግ ነበርና ብዙ ላቦራቶሪ አልደፈረውም። በ1958 ሌሎች ተመራማሪዎች ያለዚህ ጋዝ የሚሠራበትን ኬሚካል ሲያቀርቡ ግን በሩ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ያበደ ውሻን አእምሮ ለመመርመር ዋለ፤ ዛሬም ለዚሁ ያገለግላል። ዶ/ር ኩንስ በ1959 የላስከር ሽልማትን ተቀበሉ።

ወደ ዓሣው እንመለስ። የሳልሞንና የትራውትን ኩላሊት የሚያጠቃ ሬኒባክቴሪየም የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በሽታው በ1930ዎቹ መጀመሪያ በስኮትላንድ በዲ ወንዝ ታውቋል። ባክቴሪያው ሲበዛ ቀርፋፋ ስለሆነ በላቦራቶሪ አብቅሎ ለማየት ብዙ ሳምንታት ይፈልጋል። የከፋው ደግሞ፣ ጤነኛ የምትመስል እናት ዓሣ በእንቁላሏ ውስጥ ለልጆቿ ታወርሰዋለች፤ እንቁላሉን ከውጭ በመድኃኒት ማጠብ ውስጡ ያለውን አያገኘውም። አርቢው በሽታውን የሚያየው ጫጩቶቹ መሞት ሲጀምሩ ነው።

በ1975 የአሜሪካ የዓሣ በሽታ ተመራማሪዎች የዶ/ር ኩንስን ዘዴ ለዚህ በሽታ መዋሉን በጽሑፍ አወጡ። ከዓሣው ኩላሊት ጥቂት ወስደው በመስተዋት ላይ ይቀባሉ። ባክቴሪያው ከተወጋ እንስሳ ደም የተገኘውን፣ አብሪው ኬሚካል የታሰረበትን አንቲቦዲ ያንጠባጥቡበታል። ቆይተው በሚገባ ያጥቡታል፤ ዋናው ነገር ይህ እጥበት ነው፣ ያልተጣበቀው ሁሉ ተጠርጎ ይሄዳል። ከዚያም በጨለማ ክፍል በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ባክቴሪያው ካለ በጥቁር ሰማይ ላይ እንዳሉ ከዋክብት ጥቃቅን አረንጓዴ ነጥቦች ያበራሉ። ሳምንታት የሚወስደው ነገር በአንድ ቀን ታወቀ። እንቁላል በሚሰበሰብበት ወቅት እናቶቹን መርምሮ የታመመችውን እንቁላል ከሌላው መለየት ተቻለ።

ስሕተት የለበትም ማለት አይደለም። የሞተ ባክቴሪያም ያበራል፤ ሌላ ተመሳሳይ ባክቴሪያም አንዳንዴ አንቲቦዲውን ይይዛል። ስለዚህ መርማሪው ቅርጹንም አይቶ ይፈርዳል፣ ዛሬ ደግሞ በሌሎች ምርመራዎች ያመሳክራል።

በርሊን ላይ የተነሣው ጥያቄስ? ልብን የሚጎዳው በዚያ የተደበቀ ባክቴሪያ ሳይሆን፣ ባክቴሪያውን ለመውጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ልብ ሲመታ እንደሆነ ሌሎች ተመራማሪዎች በኋላ አሳዩ፤ ለዚህም ያገለገላቸው የዶ/ር ኩንስ አብሪ አንቲቦዲ ነበር። ዶ/ር ኩንስ በ1978 በ66 ዓመታቸው አረፉ።