እቴጌ ጣይቱ እና ያልተጻፈው ሥልጣን

በየዓመቱ የካቲት ሲደርስ የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም ይነሳል። ፎቶግራፋቸው ከአፄ ምኒልክ ጎን ይሰቀላል፤ ጀግንነታቸው ይወደሳል፤ የካቲት 23 ካለፈ በኋላ ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ መወደስ የሚገባው ሰው ይወደስ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የእቴጌይቱን ታሪክ ዐድዋ ላይ ስለምንቆርጠው ከዚያ በኋላ የኖሯቸውን ሃያ ሁለት ዓመታት ከቁም ነገር አንቆጥራቸውም። ሕግ ለተማረ ሰው ግን ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ዛሬ ይህን አምድ ለሙሉ ሕይወታቸው ልሰጠው ወድጃለሁ።

ጣይቱ የደጃዝማች ብጡል ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ሰሜንንና ትግራይን የገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አጎታቸው ነበሩ። ውቤ በ1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ፣ ማለትም በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በተባሉት ሰው ተሸንፈው ተማረኩ። የጣይቱ ቤተሰብም የሥልጣንን ሙቀትም ብርድም ያየ ቤተሰብ ሆነ። ልጅቱ ግን ከዚህ ቤት አንድ የማይወረስ ሀብት ይዛ ወጣች፤ እሱም ትምህርት ነው። ለወንዱም ቢሆን ብዙ ባልተለመደበት ዘመን ማንበብና መጻፍ፣ ግዕዝና ቅኔ ተማሩ። በገና ይደረድራሉ፤ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። ሰንጠረዥ ያልኩት ለጌጥ አይደለም። የተቃራኒን እርምጃ አስቀድሞ የማየት ልማዳቸው በኋላ በየአደባባዩ ታይቷል።

ከምኒልክ በፊት ጣይቱ ሌሎች ትዳሮችን አሳልፈዋል። ምኒልክም ከወይዘሮ ባፈና ጋር ረጅም ጊዜ ኖረዋል። ሁለቱም የሕይወትን መራራ የቀመሱ፣ በዕድሜ የበሰሉ ሰዎች ሆነው በ1875 ዓ.ም በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በቁርባን ተጋቡ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በዚያ ዘመን ጋብቻ በብዙ ዓይነት ይፈጸም ነበር፤ በሰማንያም፣ በደሞዝም። የቁርባን ጋብቻ ግን እንደ ሌላው በሽማግሌ ፊት ተፈትቶ የሚቀር አልነበረም። ለጣይቱ ያ ቁርባን የፍቅር ማሰሪያ ብቻ አልነበረም፤ የወደፊት ሥልጣናቸው ሁሉ የቆመበት ብቸኛው ሕጋዊ መሠረት ነበር ብዬ አምናለሁ። ደካማነቱም እዚያው ውስጥ ነበር፤ ምክንያቱም ጋብቻ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ሲወድቅ መሠረቱ አብሮ ይናዳል።

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የጣይቱ የመጀመሪያ ግዛት ጓዳው ነበር። ጓዳ ስንል ዛሬ ዝቅ አድርገን እናያለን። በዚያ ዘመን ግን ግብር ማብላት የመንግሥት ሥራ ነበር። ማን ከማን አጠገብ ይቀመጣል፣ ማን ከየትኛው ብርንዶ ይቆረጥለታል፣ ለማን ጠጅ ይታደላል የሚለው ሁሉ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። በ1880 ዓ.ም የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያሰናዱት ታላቅ ግብር በታሪክ ተመዝግቦ የቀረው ለዚህ ነው። እንጀራ ቤቱን፣ ወጥ ቤቱንና ጠጅ ቤቱን በዚያ ስፋት ያንቀሳቀሰች ሴት ሠራዊት መቀለብም እንደምትችል ያን ቀን አስመስክራለች። ከዚህ አንድ ዓመት ገደማ በፊትም በፍል ውኃ አካባቢ ቤት አሠርተው፣ ለቦታው አዲስ አበባ የሚለውን ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሚሊዮኖች የምንኖርባት ከተማ ስሟን ያገኘችው ከዚያች ሴት አፍ ነው።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ የእቴጌነት ዘውድ ደፉ። ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም የውጫሌ ውል ተፈርሞ ነበር። ውሉ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተጻፈ ሲሆን ሁለቱም ቅጂዎች እኩል ሕጋዊ ተደርገው ተወስደዋል። ችግሩ አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ነው። አማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ስትገናኝ ብትፈልግ በኢጣልያ በኩል ማድረግ እንደምትችል ይላል። ጣሊያንኛው ደግሞ ይህንኑ ግዴታ አደረገው። አንድ ግስ አገርን ከነፃ መንግሥት ወደ ጥገኛነት አወረደ።

እኔ ሕግ ስማር ስለዚህ አንቀጽ ስንወያይ የሚነሱት ስሞች የምኒልክ፣ የአንቶኔሊና የአስተርጓሚዎች ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ አንቶኔሊ ውሉን ለማዳን ተመልሶ በመጣበትና በ1883 ዓ.ም የካቲት ወር ባዶ እጁን በወጣበት ድርድር ላይ ጣይቱ ከንጉሡ ጎን ተቀምጠው ነበር። ከሁሉም ይልቅ አልበገርም ያሉት እሳቸው ናቸው። ባልና ሚስቱ ሥራ የተከፋፈሉ ይመስላሉ። ምኒልክ ሰው ላለማስቀየም የሚያለዝቡትን ነገር እቴጌይቱ እቅጩን ይናገሩታል። ዲፕሎማቶቹ ይህን የሴት ግትርነት አድርገው ተርጉመውታል። ባለሙያ ግን ሌላ ስም ይሰጠዋል። ጣይቱ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ውል ላይ የራስን ቅጂ አጥብቆ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው ሰው ነበሩ። ምኒልክም በ1885 ዓ.ም ውሉን ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ።

የቀረው በጦር ሜዳ የሚወሰን ሆነ። ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘመቱ። መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ ሻለቃ ጋሊያኖ የመሸገበትን ግንብ በጥይት ለመስበር የተደረገው ሙከራ ብዙ ሰው ፈጀ። ምሽጉ የሚጠጣባቸው ምንጮች ግን ከግንቡ ውጭ ነበሩ። እቴጌይቱ ውኃው እንዲያዝ መከሩ፤ የራሳቸውንም ሰዎች አሰማሩ። ጥይት ያልፈታውን ምሽግ በጥር 1888 ዓ.ም ጥም ፈታው። ውኃ ቀድታ የምታውቅ ሴት ልጅ ውኃ ምን ያህል መሣሪያ እንደሆነ ለማወቅ የጦር ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልጋትም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ዐድዋ ላይም ጣይቱ በሜዳው ነበሩ። ወደ ኋላ የሚያፈገፍገውን ያደፋፍራሉ፤ ሴቶቹ ለተዋጊው ውኃ እንዲያደርሱና ቁስለኛ እንዲያነሱ ያስተባብራሉ። ስማቸው ያልተጻፈ፣ እንስራ ያዘሉ፣ ስንቅ ያዘጋጁ፣ ቁስል ያጠቡ እልፍ ሴቶች ባይኖሩ ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ከመሀል አገር እስከ ዐድዋ አይደርስም ነበር። በጥቅምት 1889 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል የውጫሌ ውል ተሰረዘ።

አብዛኛው ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። እኔ ግን የሚቀጥለውን ገጽ ልግለጠው።

ከድሉ በኋላ ጣይቱ የሰላም ሥራ ላይ አተኮሩ። በ1900 ዓ.ም አካባቢ ሥራ የጀመረው እቴጌ ሆቴል የዚያ ዘመን አሻራ ነው። ዛሬም ጣይቱ ሆቴል ተብሎ ፒያሳ ላይ ቆሟል። በዚሁ ዘመን ዝምድናን እንደ ድር ዘረጉ። የራሳቸው ልጅ ስላልነበራቸው የባላቸውን ልጅ ዘውዲቱን ለወንድማቸው ለራስ ወሌ ብጡል ልጅ ለጉግሣ ወሌ አጋቡ። የወንድማቸው ልጅ ከፈይ ወሌ የትግራዩ የራስ መንገሻ ዮሐንስ ሚስት ነበረች። ከእነሱ የተወለደችው ሮማነወርቅ ደግሞ በ1901 ዓ.ም ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ ተዳረች። ሰሜን፣ ትግራይ፣ ቤጌምድርና ሸዋ በአንዲት ሴት ምክር በአንድ ቤት ተገናኙ።

በዚህ መሀል ምኒልክ ታመሙ። ንጉሡ በጥቅምት 1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾመው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥልጣን ከሰው ወደ ወንበር መሸጋገር ጀመረ ማለት ነው። ከወንበሮቹ አንዱም ግን የእቴጌይቱ አልነበረም። አልጋ ወራሽ ሲታወጅም እንደራሴ የተባሉት ራስ ተሰማ ናደው ናቸው። ስለዚህ አፄው ከአልጋ ሲቀሩ ጣይቱ አገሩን ያስተዳደሩት በአዋጅ ሳይሆን ከበሽተኛው ባላቸው አልጋ አጠገብ በመሆናቸው ነበር። ሹመትና ሽረት ከእልፍኛቸው ወጣ። ዘመዶቻቸውን አቀረቡ፤ የሸዋ መኳንንት ተከፉ። ክፋታቸውን ሁሉ ከምቀኝነት ብቻ የመጣ ነው ብዬ አልከራከርም። ሥልጣን በዘመድ ሲታደል የሚጎዳ አለ። ነገር ግን ወንዶቹም ያን ጊዜ በዘመድ ነበር የሚያስተዳድሩት። ልዩነቱ እነሱ ዘመድም ማዕረግም ነበራቸው፤ ጣይቱ ዘመድ ብቻ ነበራቸው።

መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም መኳንንቱና የመሀል ሰፋሪ ጦር ተባብረው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲወጡ አስደረጉ። ከመሪዎቹ አንዱ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። የቤተ ክህነቱ አባት አቡነ ማቴዎስም አልተቃወሙም። ከዚያ ወዲያ የእቴጌይቱ ድርሻ ባላቸውን ማስታመም ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። በኢያሱና በሮማነወርቅ መካከል የተዘረጋው ጋብቻም ፈረሰ። ውጫሌን ያከሸፈች፣ መቀሌን በውኃ ያስከፈተች ሴት ያለ ጥይት፣ ያለ ችሎት፣ በአንድ ቀን ውሳኔ ከአደባባይ ወጣች። ሊሟገቱበት የሚችሉት አንቀጽ አልነበረማ!

ጣይቱ ግን ማስታመሙን አላቃለሉትም። እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም ድረስ፣ ምኒልክ እስኪያርፉ፣ አልጋቸው አጠገብ አልጠፉም። ከዚያ በኋላ እሳቸው ወደ እንጦጦ፣ የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ ወደ ፋሌ ተሸኙ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ሰው ሞት ሁለቱም ቤት አልባ ሆኑ። በ1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ግን ተጋዡዋ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተባሉ። ከዙፋኑ ጋር የመጣባቸው ቅድመ ሁኔታ ባላቸውን ራስ ጉግሣን መተው ነበር፤ የጣይቱ ቤት በሌላ በር ተመልሶ እንዳይገባ። የመንግሥቱም ሥራ በአልጋ ወራሹና እንደራሴው በራስ ተፈሪ እጅ ነበር። አንዷ ሥልጣን ኖሯት ማዕረጉን አጣች፤ ሌላዋ ማዕረጉን አግኝታ ሥልጣኑን ተካፈለች።

ጣይቱ በ1910 ዓ.ም መግቢያ ላይ የመጨረሻ ዘመናቸውን ጎንደር ለማሳለፍ ፈቃድ ጠይቀው ተከለከሉ። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም እንጦጦ ላይ አረፉ። ዘውዲቱ ዘውድ ከደፉበት ቀን ጋር ልክ አንድ ዓመት ነው። ዛሬ ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ሦስቱም በበዓታ ለማርያም በአንድ ጣሪያ ሥር ያርፋሉ።

ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ የሚል ብሂል አለን። ብዙዎች ሴትን ለመስደብ ይጠቅሱታል። እኔ የጣይቱን ሕይወት ሳነብ የተሳሳተ የሕግ ሥርዓት መግለጫ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ዕውቀቱ የሴቷ ነው፤ ማኅተሙ የወንዱ ነው። ይህ ደግሞ ከጣይቱ ጋር አልተቀበረም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዙፋኑን ለወንድ ወራሽ ብቻ ከለለው። በዚያው ሕገ መንግሥት መሠረት በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ መግባታቸው ትልቅ ነገር ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰብ አለቃ፣ ሚስትን ታዛዥ አደረጋት። ይህ የታረመው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም ሲወጣ ነው። ጣይቱ ካረፉ ሰማንያ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አይተናል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም የካቢኔው ግማሽ ሴቶች ሆኑ። ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴም ፕሬዚዳንት ተብለው እስከ 2017 ዓ.ም ቆዩ። ደስ ያሰኛል። ሆኖም አንድ ጥያቄ ከመጠየቅ አልቦዝንም። ሴቷ ወንበሩን ያገኘችው በሕግ በቆመ መንገድ ነው ወይስ በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ? በፈቃድ የተሰጠ በፈቃድ ይወሰዳል። በጎ ፈቃድ ደግሞ እንደ ሰው ይታመማል፤ እንደ ሰውም ይሞታል።

በቤታችንም እንዲሁ ነው። የልጆቹን ትምህርት የምትመራ፣ ዘመድ የምታስታርቅ፣ የባሏን ጓደኞች ሳይቀር በችግራቸው የምትደርስላቸው ሴት በየሰፈሩ አለች። የቤት ካርታው፣ የባንክ ደብተሩ፣ የንግድ ፈቃዱ ግን በማን ስም ነው? ብልህነቷን ማድነቅ ወጪ የለውም። ስሟን ሰነድ ላይ ማስፈር ግን የሚያስከፍለው ነገር አለ፤ ጣይቱን ማክበርም ከዚያ ነው የሚጀምረው።