ዶክተር ሃልስቴድና ያበጠው ክንድ

የጡት ነቀርሳ የያዛት ሴት ትድናለች ተብሎ በማይታሰብበት ዘመን፤ በሽታውን በቢላዋ ለመንቀል ከደፈሩት ሐኪሞች ሁሉ ይበልጥ ስሙ የሚነሣው አሜሪካዊው ዶክተር ዊልያም ስቱዋርት ሃልስቴድ ነው። ነገር ግን ድሉ ዕዳ ነበረበት።

ሃልስቴድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1852 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ተወለደ። በ1877 በሕክምና ተመርቆ፤ በቪየናና በጀርመን ከተሞች ትምህርቱን አስፋፋ። በ1884 ኮኬይን ሥቃይ እንደሚያደነዝዝ በተሰማ ጊዜ መድኃኒቱን በራሱ ሰውነት ላይ ሲፈትን ሱሰኛ ሆነ፤ በኋላም ሞርፊን ሌላ ሱስ ሆነበት። የሞርፊኑ ምስጢር ለሕዝብ የተገለጸው በ1969 ነው።

በ1889 በባልቲሞር በተከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲሠራ፤ የነርሷ የካሮላይን ሃምፕተን እጅ በተሕዋስያን ማጥፊያው መድኃኒት ስለ ቈሰለ ስስ የጎማ ጓንት አሠራላት። በ1890 አገባት።

ኦፕራሲዮኑ ጡቱን፤ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብቱን ዕጢዎች በአንድነት የሚነቅል ነበር። በ1894 ባወጣው ጽሑፍ ከ50 በሽተኞች መካከል ነቀርሳው በዚያው ስፍራ የተመለሰባቸው 3 ብቻ መሆናቸውን አስታወቀ። ይሁን እንጂ የብብት ዕጢዎች ሲነቀሉ ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ ከክንድ የሚመለስበት መንገድ ይቋረጣል። መሄጃ ያጣው ፈሳሽ ሲጠራቀም ክንዱ ያብጣል፤ ቆዳው ይደነድናል። ከነቀርሳው የዳነችው ሴት ክንዷን በቀሚሷ እጅጌ ማስገባት ይቸግራታል።

ሃልስቴድ በ1921 ስለዚህ እብጠት ጽፎ የቀዶ ሕክምና ዝሆኔ ብሎ ሰየመው። እኛ በእግር የምናውቀው ዝሆኔ በክንድ ላይ ወጣ ማለት ነው። ዋናው ምክንያት የቍስል መመረዝ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ መመረዙ እብጠቱን ማባባሱ እውነት ቢሆንም ነገሩ በዚህ አያበቃም። በእኔ አስተያየት የሚያስመሰግነው መልሱ ሳይሆን፤ ዝናው ከተረጋገጠለት በኋላ የገዛ ኦፕራሲዮኑን ጉዳት መመርመሩ ነው። በማግሥቱ ዓመት፤ በ1922፤ ከሐሞት መንገድ ኦፕራሲዮን በኋላ ሞተ።

በ1971 የተጀመረው የዶክተር በርናርድ ፊሸር ጥናት፤ ያን ሁሉ መንቀል ዕድሜ እንደማይጨምር አሳየ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ነቀርሳው አስቀድሞ የሚደርስበትን ዕጢ ብቻ አውጥቶ መመርመር ተለመደ። ዕጢዎቹን ማውጣት ግድ ሲሆንም፤ የጄኖቫው ሐኪም ፍራንቼስኮ ቦካርዶና ባልደረቦቹ በ2009 ባሳተሙት ዘዴ፤ የተቈረጡት የክንድ ሊምፍ ቧንቧዎች በዚያው ኦፕራሲዮን ከአጠገባቸው ካለው ደም መላሽ ሥር ጋር ይሰፋሉ፤ ፈሳሹም ወደ ደም ይገባል። ዘዴው ሁሉንም ሴት ከእብጠት አያድንም። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ የሚሰፋቸው ቧንቧዎች ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ይቀጥናሉ፤ ክሩም ከጠጕር የቀጠነ ነው።