ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በሆሳዕና ከተማ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ጧት ጧት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ ብሔራዊውን መዝሙር ይዘምር ነበር። በዱራሜ፣ በአንጋጫና በሺንሺቾ፣ በጠቅላላውም ያን ጊዜ የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ይባል በነበረው አገር የነበሩ ተማሪዎች እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ግጥሙን ለማጥናት ብዙ ችግር አልነበረም፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሊነበብ ይችላል። ዜማው ግን ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ የሚተላለፍ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና ያለው መንገድ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን ያህል ርቀት ከአፍ ወደ አፍ ሲቀባበል የሚጓዝ ዜማ አንዱ ቦታ ላይ መርዘሙ፣ ሌላው ቦታ ላይ ማጠሩ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ያ መዝሙር ከመጀመሪያው በወረቀት ላይ የሰፈረ ነበር። እያንዳንዱ ድምፅ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል፣ ምን ያህል ጊዜም እንደሚቆይ ኖታ በሚባለው የሙዚቃ ጽሕፈት ተወስኖ ተጽፏል። የዜማው ደራሲ ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላሉ።

ናልባንዲያን በ1879 ዓ.ም. ገደማ በኦቶማን ቱርክ ግዛት ውስጥ ዓይንታብ በምትባል ከተማ ከአርመን ቤተ ሰብ ተወለዱ። ይህች ከተማ ዛሬ ጋዚአንቴፕ ተብላ በቱርክ አገር በደቡብ በኩል ትገኛለች። በ1907 ዓ.ም. የአንደኛው የዓለም ጦርነት በሚካሄድበት ጊዜ የኦቶማን መንግሥት በአርመን ሕዝብ ላይ ታላቅ ፍጅት አወረደ። ወንዶቹ ተገደሉ፤ ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ከየቤታቸው ተነቅለው ወደ ሶርያ በረሃ ተነዱ፤ በመንገድም በረሃብና በበሽታ አለቁ። ከሞት የተረፉት ልጆች በሶርያ፣ በሊባኖስና በኢየሩሳሌም በተቋቋሙ የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ተጠለሉ። ናልባንዲያንም ከሞት ተርፈው ከተሰደዱት አርመናውያን አንዱ ነበሩ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሌላ አርመናዊ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ኮሚታስ የሚባለው ቄስና የሙዚቃ ሊቅ ከፍጅቱ በፊት በየመንደሩ እየዞረ ገበሬዎች ሲያርሱ፣ ሴቶች ሲፈትሉ፣ ሙሽሮች ሲዳሩ የሚዘፈነውን ዘፈን እየሰማ በሺህ የሚቆጠር ዜማ ጽፎ ነበር። በሚያዝያ 16 ቀን 1907 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ ከተያዙት የአርመን ሊቃውንት መካከል እርሱም ይገኝበታል። በኋላ ቢለቀቅም ያየው መከራ አእምሮውን ስለ ነካው ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው ሊሠራ አልቻለም። ዘፈኑን ያሰሙት መንደሮች ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ ከጻፈው ውስጥ ከጥፋት የተረፈው ግን ዛሬም ይዘፈናል። ይኸው ሊቅ ኻዝ የሚባለውን የአርመን ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ የዜማ ምልክት ምስጢር ለመፍታት ብዙ ደክሟል። ምልክቶቹ በብራና መጻሕፍት ላይ በግልጽ ይታያሉ፤ የሚያነቧቸው ሰዎች በየዘመናቱ እያለቁ ስለ ሄዱ ግን የብዙዎቹ ትርጉም ጠፍቷል።

በ1916 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በመንገዳቸው ኢየሩሳሌምን ጎበኙ። በዚያ በአርመኖች ገዳም አርባ ያህል ወላጅ የሌላቸው ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። ደስ ስለ ተሰኙም ከአርመኑ ፓትርያርክ ፈቃድ ጠይቀው ልጆቹ ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። የሚመራቸው ሙዚቀኛ ደግሞ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሠላሳ ሰባት ዓመት ያህል የነበረው ናልባንዲያን ሆኑ። መምህሩና ልጆቹ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ ማለትም ለአዲሱ ዓመት አምስት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡም አርባ ልጆች ብሎ ጠራቸው። እናት አባት፣ አገርና ቤት ያጡት እነዚህ ልጆች በማያውቁት አገር የመንግሥት ባንድ ሆኑ።

በኢትዮጵያ የነሐስ ባንድ በእነርሱ አልተጀመረም። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላይ ሁለተኛ ለዐፄ ምኒልክ የትንፋሽ መሣሪያዎችን በስጦታ ልከው ነበር፤ ከዚያ ጊዜ አንሥቶም ጥሩምባና ከበሮ በቤተ መንግሥት ይሰማ ነበር። አርባው ልጆች ግን አንድ ሙሉ ባንድ ሆነው፣ ከነመምህራቸውና ከነኖታቸው የመጡ ነበሩ።

አርባ ሰው አንድን ማርሽ እንዴት በአንድነት ሊጫወት ይችላል? ለጀማሪ ይህ ነገር ሲያስደንቀው ይኖራል። የሁሉም እጅ የተለያየ ነገር ይሠራል፤ ጥሩምባው ዜማውን ሲመራ ቱባው ከሥር ምቱን ይረግጣል፤ ክላርኔቱ በላይ በላይ ይፈጥናል፤ ትሮምቦኑ በመካከል ይሞላል። እያንዳንዱ ተጫዋች በፊቱ ያለው የራሱ ድርሻ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ነው። የባንዱ መሪ በሚይዘው ወረቀት ላይ ግን የሁሉም ድርሻ አንዱ ከሌላው በታች ተደርድሮ ይታያል። ስለዚህ ከአርባው አንዱ ቢሳሳት መሪው ወረቀቱን አይቶ የተሳሳተውን ያውቀዋል።

ጽሕፈቱ ራሱ በአምስት አግድም መስመሮች ላይ የተመሠረተ ነው። ድምፆቹ በመስመሮቹ ላይና በመስመሮቹ መካከል ባሉት አራት ክፍት ቦታዎች ላይ እንደ መሰላል ደረጃ ይቀመጣሉ፤ ወደ ላይ የወጣው ቀጭን፣ ወደ ታች የወረደው ወፍራም ድምፅ ነው። በመስመሮቹ መጀመሪያ ላይ ቁልፍ የሚባል ምልክት ይደረጋል። ይህ ስም ያለ ምክንያት አልተሰጠውም፤ ያለ እርሱ ምንም ነገር አይከፈትምና። የሶል ቁልፍ ከታች ሲቆጠር ሁለተኛው መስመር ሶል መሆኑን ያስታውቃል፤ የፋ ቁልፍ ደግሞ አራተኛውን መስመር ፋ ያደርገዋል። አንዱ ቦታ ከታወቀ የቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ በሚለው ቅደም ተከተል ይቆጠራሉ። የዚህ አቈጣጠር መነሻ በ11ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ የኖረው ጊዶ የሚባል መነኩሴ የመዘምራንን የጥናት ዘመን ለማሳጠር ያወጣው ዘዴ ነው።

ጀማሪን የሚያስቸግረው ግን የድምፁ ከፍታ ብቻ አይደለም። የኖታው ቅርጽ የሚያመለክተው ጊዜን ነው። አራት ምት ባለው ስልት ሙሉ ኖታ አራት ምት ይቆያል፤ ግማሽ ኖታ ሁለት፣ ሩብ ኖታ አንድ፣ ስምንተኛ ኖታ ደግሞ የአንድ ምት እኩሌታ ይቆያሉ። ዝምታም ይጻፋል፤ ለእያንዳንዱ የጊዜ ልክ የራሱ የዕረፍት ምልክት አለው። አዲስ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ድምፁን በትክክል ያገኝና ዝም ማለት ያለበትን ጊዜ ሳይቆጥር ይቀድማል። በእግሩ ምቱን እየመታ፣ በአፉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ መቍጠር የሚለምደውም ለዚህ ነው። በነሐስ ባንድ ላይ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ፤ በተለመደው ጥሩምባ ዶ ተብሎ የተነፋው ድምፅ በፒያኖ ላይ ሲ ቤሞል ሆኖ ይገኛል። የባንድ መምህር ይህን አስቦ የጥሩምባውን ድርሻ በአንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርጎ ይጽፋል። ይህን ሥራ ለአርባ ተጫዋቾች ማዘጋጀት ምን ያህል ሌሊት እንደሚያስመሽ መገመት አያዳግትም።

ናልባንዲያን የመጡባት አገር ደግሞ ለዜማ ጽሕፈት እንግዳ አልነበረችም። ከአውሮፓው ኖታ ፈጽሞ የተለየ ምልክት በቤተ ክርስቲያን ነበር። የዜማው መሠረት ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል፤ ምልክቱን ደግሞ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉት ስልቶች የሚዜመው ቃል በላዩ ደቃቅ ፊደላትና ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቍርጥ የሚባሉት ምልክቶች ይደረጉበታል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የአውሮፓው ኖታ አንዱን ድምፅ ለብቻው ይነግራል፤ በድጓው ላይ ያለችው ትንሽ ፊደል ግን ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ያጠናውን አንድ ሐረገ ዜማ በሙሉ ታስታውሰዋለች። ስለዚህ ኖታ የሚያነብ ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ከወረቀት ሊያገኝ ይችላል፤ የድጓ ምልክት ግን መምህር የሌለውን ተማሪ አይረዳውም። በሌላ በኩል የኢትዮጵያው ምልክት የድምፁን መንቀጥቀጥና መጐተት ያሳስባል፤ ይህን በአምስት መስመር ላይ ለማስፈር እስከ ዛሬም አስቸጋሪ ነው።

በ1918 ዓ.ም. ገደማ ናልባንዲያን ለኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንዲደርሱ ታዘዙ። ግጥሙን የደረሱት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ዮፍታሔ በጎጃም ደብረ ኤልያስ ተወልደው የቤተ ክህነትን ትምህርት የተማሩ ባለ ቅኔ ነበሩ። አንደኛው በድጓና በቅኔ ቤት ያደጉ፣ ሁለተኛው ከዓይንታብ ተሰድደው የመጡ የነሐስ ባንድ መሪ ናቸው። የሁለቱ ሥራ በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኝ ከላይ አምስቱ መስመሮች፣ ከሥር የአማርኛው ቃል ሰፈሩ። ለእያንዳንዱ የአማርኛ ቀለም ድምፅ መመደብ፣ የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው ለይቶ በትክክለኛው ምት ላይ ማሳረፍ አማርኛን በጆሮው ላልወለደ ሰው ቀላል ሥራ አይመስልም። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ላይ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች በመጡ መልእክተኞች ፊት ተሰማ።

የአርባው ልጆች ባንድ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ ተበተነ። ልጆቹም አድገው የየራሳቸውን መንገድ ያዙ፤ ገሚሶቹ ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ ገሚሶቹ በኢትዮጵያ ቀሩ። ናልባንዲያን ግን አልሄዱም። ሙሴ የሚለው፣ ሕዝቡ የውጭ አገር ሰው የሚያከብርበት ጥሪ ከስማቸው ጋር ተጣብቆ፣ በአዲስ አበባ ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖሩ።

የእነዚህ ተማሪዎች ችግር ከአርባው ልጆች ችግር የተለየ ነበር። የኢትዮጵያ ዓለማዊ ሙዚቃ በአብዛኛው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በሚባሉት ቅኝቶች ላይ የቆመ ሲሆን እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። የአውሮፓው መሰላል ግን ሰባት ደረጃ ስላለው በአምስቱ የለመደ ጆሮ ፋና ሲ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል፤ ጣት ወረቀቱን ሲከተል ጆሮ ወደ ለመደው ይጎትታል። ይህ የችሎታ ማነስ አይደለም። ከአምስቱ ድምፆች የሚነሣ መምህር፣ ለምሳሌ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በሚለው የትዝታ ቅኝት ተማሪው የሚያውቀውን ዘፈን እየጻፈ የሚያስነብብ፣ የቀሩትን ሁለቱን ቆይቶ ቢጨምራቸው ነገሩ ይቀላል። በሐዲያና በከምባታ የሠርግና የሥራ ዘፈን ላይም ቢሞከር ያው ነው፤ ተማሪው አስቀድሞ በጆሮው የሚያውቀውን ነገር በዓይኑ ሲያይ ምልክቱ ቶሎ ይገባዋል።

የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የአጎታቸውን ሙያ ያዙ። ነርሲስ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የነበረውን ኦርኬስትራ መርተዋል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን ኖታ አስተምረዋል፤ ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መመሥረትም ደክመዋል። ከአዲስ አበባው የባንድና የኦርኬስትራ ዘመን ታላላቅ ተጫዋቾች መካከል የእርሳቸው እጅ ያላረፈበትን ማግኘት ያስቸግራል።

ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1955 ዓ.ም. ገደማ አረፉ። መዝሙራቸው ከእርሳቸው በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል በየትምህርት ቤቱ ሲዘመር ከቈየ በኋላ በ1967 ዓ.ም. የዘውዱ ሥርዓት ሲወድቅ ቀረ። ያን ጊዜ በሆሳዕናና በዱራሜ በሰልፍ የዘመሩት ልጆች ዛሬ አዛውንት ናቸው፤ አንጐራጕሩት ቢባሉ እያንዳንዳቸው በሰሙበት መንገድ ያንጐራጕሩታል። ኖታው ግን በመጻሕፍት ታትሞ ይገኛል። የሶልን መስመር የሚያውቅና ምት የሚቈጥር ተማሪ ዋሽንቱን ወይም ጥሩምባውን ይዞ ከፊቱ ቢያኖረው፣ ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ደራሲው በጻፉት ልክ ያገኘዋል።