አሚሊያ ኤርሃርትና ያልተግባባው ራዲዮ

በሰኔ ወር 1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንዲት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ከካርቱም ተነሥታ፣ ከእኛ ከጎንደር ደጋ በስተሰሜን ያለውን ሰማይ አቋርጣ ምጽዋ አረፈች። ከምጽዋ ወደ አሰብ፣ ከአሰብም ባሕሩን ተሻግራ ካራቺ ገባች። ያን ጊዜ አገራችን በፋሽስት ኢጣሊያ ወረራ ሥር ነበረች፤ ሰው የራሱን መከራ ትቶ ስለ ምጽዋዋ እንግዳ የሚያወራበት ዘመን አልነበረም። አብራሪዋ አሜሪካዊቷ አሚሊያ ኤርሃርት ነበረች። ከዚያ በኋላ ሃያ ቀን እንኳ ሳይሞላ ድምጿ ለመጨረሻ ጊዜ በራዲዮ ተሰማ።

ስለ አሚሊያ ብዙ ሰው የሚያውቀው መጥፋቷን ነው። እንዴት ጠፋች ሲባል ነዳጅ አለቀባት ይባልና ይታለፋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ነገሩ የተበላሸው ነዳጁ ከማለቁ በፊት፣ ራዲዮው ላይ ነው።

አሚሊያ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1897 በካንሳስ ክፍለ ግዛት፣ አትቺሰን በምትባል ከተማ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶሮንቶ ውስጥ በረዳት ነርስነት ቁስለኞችን አስታማለች። በ1920 መጨረሻ ለጥቂት ደቂቃ አውሮፕላን ላይ ተሳፈረች፤ በቃ፣ ልቧ እዚያው ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ኔታ ስኑክ ከምትባል ሴት አብራሪ ዘንድ ትምህርት ጀመረች። እኛን እጩ መምህራንን ደስ የሚለን ደግሞ፣ ዝነኛ ከመሆኗ በፊት ቦስተን ከተማ ውስጥ ለስደተኞች እንግሊዝኛ ታስተምር የነበረች መሆኗ ነው።

በ1928 አትላንቲክን በአውሮፕላን የተሻገረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ዳሩ ግን የነዱት ሁለት ወንዶች ነበሩ። ዓለም ሲያጨበጭብላት እሷ ራሷን ከተጫነ የድንች ጆንያ ጋር ታመሳስል ነበር። በ1932 ግንቦት ወር ብቻዋን ተነሣች። ከፍታ መለኪያው ተበላሸ፣ ክንፉ ላይ በረዶ ጋገረ፣ ከሞተሩ የጭስ ማውጫ እሳት ይታይ ነበር። እንዲህም ሆኖ 15 ሰዓት ያህል በርራ ሰሜን አየርላንድ የግጦሽ መስክ ላይ አረፈች። በ1935 ደግሞ ከሐዋይ እስከ ካሊፎርኒያ ብቻዋን ተሻገረች፤ በዚያ ጉዞ የራዲዮ ስልክ ይዛ ነበር፣ ድምጿም ምድር ላይ ተሰምቷል።

በ1937 ዓለምን በምድር ወገብ አካባቢ ልትዞር ተነሣች። የመጀመሪያው ሙከራ ሆኖሉሉ ላይ ከሸፈ፤ አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል ተሽከርክሮ ተሰበረ። ጉዳቱ ግን በብረቱ ብቻ አልቀረም። የሞርስ ምልክት አሳምሮ የሚያውቀው ሃሪ ማኒንግ ከጉዞው ወጣ። በሁለተኛው ሙከራ አብሯት የሄደው ፍሬድ ኑናን በከዋክብት አቅጣጫ የሚለይ የታወቀ መርማሪ ነበር፤ ሞርስ ላይ ግን ሁለቱም ደካሞች ነበሩ። ከአውሮፕላኑ ጀርባ እየተለቀቀ የሚጎተተው ረጅም የሽቦ አንቴናም ተነሥቶ ቀረ። መርከቦች የሚጠሩበት የ500 ኪሎሳይክል ሞገድ የሚፈልገው ደግሞ እንዲህ ያለውን ረጅም ሽቦ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሞገድ ጥቂት ልበል። ጉና ተራራ ሥር ያደገ ሰው፣ ቀን የጠፋ ጣቢያ መሸት ሲል ጥርት ብሎ እንደሚመጣ ያውቃል። አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ ከከፍተኛው አየር ላይ እየነጠረ ይመለሳል፤ ያ የአየር ንብርብር ግን በቀንና በሌሊት ጠባዩ ይለያያል። ስለዚህ አሚሊያ ለሌሊት 3105፣ ለቀን 6210 ኪሎሳይክል ይዛ ነበር። ውቅያኖስ ላይ ጉና የለም፣ ድምፅ የሚጋርድ ነገር የለም፤ ርቀቱ ነው ጠላቱ።

ሰኔ 25 ቀን 1929 ዓ.ም. ከኒው ጊኒዋ ላኤ ተነሡ። የሚፈልጓት ሐውላንድ ደሴት 4,100 ኪሎሜትር ያህል ትርቃለች፤ ርዝመቷ 2 ኪሎሜትር ገደማ፣ ስፋቷ ከ1 ኪሎሜትር ያነሰ፣ ከባሕሩ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ያለች ናት። በአጠገቧ ኢታስካ የምትባል የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርከብ ትጠብቃለች።

ሌሊቱን የኢታስካ ራዲዮ ሠራተኞች ድምጿን ሰሙ። ሊነጋ ሲል እየጎላ መጣ። እነሱ ይመልሳሉ፣ እሷ አትሰማም። በሞርስ ይጠሯታል፣ እሷ ሞርስ በደንብ አታነብም። በ3105 ያለችበትን አቅጣጫ እንዲለኩላት ትጠይቃለች፤ የመርከቧ መለኪያ በዚያ ሞገድ አይሠራም። ደሴቷ ላይ ሌላ መለኪያ ተተክሎ ነበር፣ ምን ዋጋ አለው፣ ባትሪው ሌሊቱን ደክሟል። እሷም ብትሆን የምትናገረው ለጥቂት ሰኮንድ ነበርና ለመለካት አይበቃም። ሰዓታቸው እንኳ አንድ አልነበረም፤ እሷ የግሪንዊችን ትከተላለች፣ መርከቧ ከግሪንዊች በ11 ሰዓት ተኩል የሚለየውን የራሷን።

ጠዋት ላይ በ7500 ኪሎሳይክል ምልክት እንዲልኩላት ጠየቀች፤ ላኩላት፣ ሰማችም። በዚያ ሁሉ ሌሊት ከመርከቧ እንደደረሳት የተናገረችው ይህንኑ ብቻ ነው። ግን የአውሮፕላኑ ክብ አንቴና በእንዲህ ያለ ከፍተኛ ሞገድ አቅጣጫ መለየት አልቻለም። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ቆይቶ፣ በአንድ መስመር ላይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እየተመላለሱ መሆኑን አስታወቀች። ከዚያ ዝም። ድምፁ ጎልቶ ይሰማ ስለነበር መርከበኞቹ ወጥተው ሰማይ ሰማዩን ይመለከቱ ነበር ይባላል፤ ይህን ሳነብ ሆዴ ነው የተረበሸው።

ሌክሲንግተን የተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ጭምር የተሳተፈችበት የባሕር ላይ አሰሳ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ፤ አንድም ነገር አልተገኘም። በ1939 ጥር ወር አሚሊያ እንደሞተች በሕግ ተወሰነ። በ2024 ከባሕር ወለል ተገኘ የተባለው የአውሮፕላን ምስል እንኳ ሲጣራ ድንጋይ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ ውቅያኖስ የሚሻገር አውሮፕላን በሳተላይት መልእክት ይለዋወጣል፤ አጭር ሞገዱም ግን አልተጣለም፣ አሁንም ይያዛል።

ሐውላንድ ላይ ለእሷ ማረፊያ የሚሆን ሜዳ ተጠርጎ ነበር። ደሴቷ ዛሬ ሰው አይኖርባትም፣ የባሕር ወፎች ማደሪያ ናት። ለመርከበኞች ምልክት የሆነው ግንብ በአሚሊያ ኤርሃርት ስም ይጠራል።