የሚጋልበውን ፈረስ ያቆመው ሰው

ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት ይነሣሉን? የፈረስ እግር ከሰው ዓይን ስለሚፈጥን ይህ ጥያቄ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖረ። ሠዓሊዎችም የፊት እግሮቹን ወደ ፊት፥ የኋላዎቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ እንደሚበር አድርገው ይሥሉት ነበር። ክርክሩን በማስረጃ የቈረጠው ኤድዋርድ ማይብሪጅ ነው።

ማይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1830 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኪንግስተን ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሳንፍራንሲስኮ መጻሕፍት ይሸጥ ነበር። በ1860 ዓ.ም. የተሳፈረበት ሠረገላ ተገልብጦ ራሱን ክፉኛ ተጐዳ፤ ከዳነ በኋላ ፎቶግራፍ ማንሣትን ሙያው አደረገ።

በ1872 ዓ.ም. የቀድሞው የካሊፎርኒያ ገዥ ሌላንድ ስታንፎርድ ፈረሱን በሩጫ ላይ እንዲያነሣለት ጠራው። (ስታንፎርድ ብዙ ገንዘብ ተወራርዶ ነበር ይባላል፤ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም።) በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ አንሺው የሌንሱን ክዳን በእጁ ከፍቶ በእጁ ይዘጋ ስለነበር፥ የሚሮጥ ነገር እንደ ጢስ ደብዝዞ ይወጣ ነበር። ሥራው ገና ሳይሠምር በ1874 ዓ.ም. ማይብሪጅ የሚስቱን ወዳጅ ተኩሶ ገደለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበተው።

በጁን 1878 ዓ.ም. በፓሎ አልቶ ሜዳ 12 ካሜራዎች በተርታ ደረደረ። ፈረሷ በመንገዷ ላይ የተዘረጋውን እያንዳንዱን ክር ስትበጥስ የዚያው ካሜራ መዝጊያ በኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ ተከፍቶ የሚቈየውም ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ላነሰ ጊዜ ነበር። ጥቅሙን በሒሳብ እንየው፦ በሴኮንድ 16 ሜትር የሚሮጥ ፈረስ በሴኮንድ አንድ አሥረኛ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል፤ በአንድ ሺሕኛ ግን 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ነገር ግን መዝጊያው በፈጠነ መጠን የሚገባው ብርሃን ያንሳል። ስለዚህ ከፈረሷ በስተጀርባ ፀሐይን የሚመልስ ነጭ መጋረጃ አቆመ፤ እንዲያም ሆኖ ፈረሷ እንደ ጥቁር ጥላ ወጣች። ቢሆንም ጥላው እውነቱን አሳየ፦ አራቱም እግሮች ከመሬት ይነሣሉ፤ የሚነሡት ግን ተዘርግተው ሳይሆን ከሆድ ሥር ተሰብስበው ነው። ሠዓሊዎቹ ሁሉ ተሳስተው ኖረዋል!

በ1882 ዓ.ም. ስታንፎርድ የዚህን ሥራ መጽሐፍ ሲያሳትም የማይብሪጅን ስም በሽፋኑ ላይ አላኖረም። ማይብሪጅ ከሰሰ፤ ተረታም። ወደ ፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ግን የሰውንና የእንስሳትን እንቅስቃሴ ማንሣቱን ቀጠለ፤ በ1887 ዓ.ም. 781 ገጽ ሥዕሎች በራሱ ስም አወጣ። በ1904 ዓ.ም. በተወለደበት በኪንግስተን ዐረፈ። ከሞተ ከ31 ዓመት በኋላ ላይካ የተባለው የጀርመን የፊልም ካሜራ የሴኮንድ አንድ ሺሕኛውን መዝጊያ ይዞ ለገበያ ቀረበ፤ በመንገድ ላይ የሚዘረጋ ክርም አላስፈለገው።