አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በድሬዳዋ
የከተማችን ስም ሲነሣ ምድር ባቡሩን እናስባለን፤ የግእዙን ሊቅ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን ግን እንዘነጋቸዋለን። ከብዙ ዘመን የኢየሩሳሌም ኑሮ በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የመምህራቸው አደራ ነበረባቸው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ በሮም ኢኛሲዮ ጉዊዲን በፍትሐ ነገሥት ትርጉም የረዱ ሊቅ ሲሆኑ፣ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሳይፈጽሙ ዐርፈው ነበር። አለቃም ሥራውን በድሬዳዋ ቀጠሉ። የሕዝቅኤል ትርጓሜያቸው በ1916 ዓ.ም. የታተመው እዚሁ፣ በካቶሊክ ሚስዮናችን በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ነው፤ የኦርቶዶክስ ሊቅ መሆናቸው ምንም አላገደም፤ ይህንንም በደስታ እናስታውሳለን። መዝገበ ቃላቱ ግን ሳይታተም በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው ለደቀ መዝሙራቸው ለደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ፤ እርሳቸውም አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አሳተሙት።