የሽቦን ርዝመትና ውፍረት የመረመረው አስተማሪ፤ ጂኦርግ ሲሞን ኦም

ጂኦርግ ሲሞን ኦም የተወለደው በማርች 16 ቀን 1789 ዓ.ም. ዛሬ በጀርመን አገር የባቫርያ ክፍል በሆነችው በኤርላንገን ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ ቍልፍ ሠሪ ነበር። እናቱ ጂኦርግ ዐሥር ዓመት ሲሆነው ሞተችበት። ከሰባቱ ልጆች ለማደግ የበቁት ሦስት ብቻ ናቸው። አባትየው ከፍ ያለ ትምህርት ያልተማረ የእጅ ሠራተኛ ሲሆን፥ ራሱ መጻሕፍት እያነበበ ሒሳብንና ፊዚክስን ዐውቆ ሁለቱን ወንዶች ልጆቹን በቤቱ አስተማራቸው።

ኦም በ1805 ዓ.ም. በኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ነገር ግን ከትምህርቱ ይልቅ ጭፈራውን፥ በበረዶ ላይ መንሸራተቱንና የቢሊያርዶ ጨዋታውን ስለ ወደደ አባቱ እጅግ ተቈጣ። እኛም በመካነ ሰላም ጌም ቤት ስናመሽ ከወላጆቻችን የምንሰማው ቍጣ ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም። ከዚህም የተነሣ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ወደ ስዊስ አገር ሄዶ የሒሳብ አስተማሪ ሆነ፤ ኋላም ተመልሶ በ1811 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። በ1817 ዓ.ም. በኮሎኝ ከተማ በሚገኘው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ሒሳብና ፊዚክስ እንዲያስተምር ተቀጠረ። በዚያ ተማሪ ቤት ደኅና የፊዚክስ መሣሪያ ስለ ነበረ፥ ከማስተማሩ ሥራ የሚተርፈውን ጊዜ በምርመራ ላይ አዋለው።

የመረመረው ነገር ለተመልካች ተራ ይመስላል። ሽቦ ሲረዝም ወይም ሲቀጥን የኤሌክትሪኩ ጅረት በምን ያህል ይደክማል? የሚል ነው። በ1825 ዓ.ም. ያሳተመው የመጀመሪያ ሕግ ስሕተት ሆነ፤ ምክንያቱም የተጠቀመበት ባትሪ ኃይሉ አንድ ጊዜ እየበረታ አንድ ጊዜ እየደከመ ስላስቸገረው ነው። እንግዲህ በአደባባይ የተሳሳተ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ዝም ማለት ወይም እንደ ገና መለካት። ኦም እንደ ገና ለካ። ፖገንዶርፍ የተባለው ሊቅ በሰጠው ምክር ባትሪውን ትቶ መዳብና ቢስሙት የተባለውን ማዕድን አጋጠመ፤ አንደኛውን መጋጠሚያ በሚፈላ ውሃ፥ ሁለተኛውን በበረዶ ውስጥ አድርጎ የማይዋዥቅ ኃይል አገኘ። ከዚያ በኋላ ውፍረታቸው እኩል፥ ርዝመታቸው ግን ልዩ ልዩ የሆኑ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን በየተራ እያስገባ መዘነ። ሽቦ በረዘመ ቍጥር ተቃውሞው እንደሚጨምር፥ በወፈረ ቍጥር ደግሞ እንደሚቀንስ በ1826 ዓ.ም. በቍጥር አስረዳ። ከቦረና ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ረጅምና ጠባብ መንገድ የተጫኑ አህዮችን እንደሚያዘገይ ዐይነት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። አንድ ጓደኛችን የጌም መሣሪያ ተከፍቶ ሲሻሻል የኃይል መስመሩ እንደ ጠጕር በቀጠነ ሽቦ ተበየደለት፤ መሣሪያው ይበራና ጨዋታው ሲከብድ ይጠፋል። ምክንያቱን በኦም ሒሳብ ማግኘት ይቻላል። የመስቀለኛ ስፋቱ ዲያሜትር ሩብ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ (በአሜሪካኖች መለኪያ 30 ቍጥር የሚባለው) በአንድ ሜትር 0.34 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው። መሄጃና መመለሻው 60 ሳንቲሜትር ቢሆን 0.2 ኦም ይሆናል፤ 2 አምፔር ሲያልፍበት ከ5 ቮልት ላይ 0.4 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ሽቦውም ይሞቃል። ዲያሜትሩ በእጥፍ ቢጨምር፥ ማለት 24 ቍጥር ቢሆን፥ ተቃውሞው ወደ አራተኛ እጅ ይወርድና የሚጠፋው 0.1 ቮልት ብቻ ነው። በዚህ መለኪያ ቍጥሩ ሲያድግ ሽቦው እንደሚቀጥን መርሳት አይገባም። ነገር ግን ሁሉንም በወፍራም መሥራት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። የምልክት መስመር የሚያሳልፈው ጅረት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ቀጭኑ ይበቃዋል፤ ግትር ወፍራም ሽቦ ከትንሿ የቺፕ እግር ላይ ቢበየድ ሲነቃነቅ የመዳቡን ንጣፍ ገንጥሎ ያነሣዋል።

ወደ ኦም ታሪክ እንመለስ። በግማሽ ደመወዝ ፈቃድ ተቀብሎ በርሊን ከወንድሙ ከማርቲን ዘንድ ተቀመጠና በ1827 ዓ.ም. መጽሐፉን አሳተመ። የዩኒቨርሲቲ አስተማሪነት ያስገኝልኛል ብሎ ተስፋ ያደረገበት ይኸው መጽሐፍ ግን በአገሩ ሊቃውንት ዘንድ ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው። በዚያ ዘመን የተፈጥሮን ነገር በሒሳብ ማስረዳት ለብዙዎች አልተዋጠላቸውም ነበር። ኦም አዝኖ የኮሎኙን ሥራ ለቀቀ፤ በ1833 ዓ.ም. በኑርንበርግ ፖሊቴክኒክ አስተማሪነት እስኪያገኝ ድረስም በችግር ኖረ። እኔ የሚገርመኝ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕጉን አንድም ጊዜ አለመካዱ ነው።

ክብሩ የመጣው ከባዕድ አገር ነው። በ1841 ዓ.ም. የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ኮፕሊ የተባለውን ሜዳልያ ሸለመው። ከልጅነቱ የተመኘውን የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነት በሙኒክ ሲያገኝ ጊዜው 1852 ዓ.ም.፥ ዕድሜውም 63 ሆኖ ነበር። በወንበሩም ላይ የቈየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ በጁላይ 6 ቀን 1854 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ዐረፈ። በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰቡት የኤሌክትሪክ ሊቃውንት የተቃውሞ መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ወሰኑ። በመለኪያ መሣሪያ ላይ የምናያት፥ እንደ ፈረስ ጫማ ብረት ያለች የግሪክ ፊደል ምልክቱ ናት።